ግድግዳ ሲሠራብኝ ዝም ያልኩ ዕለት

እኔ ሰው ፊት መብላት አልችልም። ወሬውን ከዚህ ካልጀመርኩላችሁ፣ ጤነኛ ሰው ዓይኑ እያየ እንዴት በብሎኬት ይታሸጋል ብላችሁ መሀል ላይ ታቋርጡኛላችሁ። ስለዚህ ቀድሜ ልናገር። በሽታ የለብኝም፤ ጥርሴም ደህና ነው። ብቻ ሰው እያየኝ ጉርሻ ወደ አፌ ሳነሳ እጄ መንገዱ ይጠፋበታል። አንድ ጊዜ ሠርግ ቤት ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ «ብዪ እንጂ ልጄ፣ ምን ታፍሪያለሽ» ሲሉኝ ደንግጬ ጉርሻውን አገጬ ላይ አሳረፍኩት። ሽማግሌው ቀስ ብለው ዓይናቸውን ወደ ሙሽሮቹ አዞሩ። እግዜር ይስጣቸው።

ታክሲ ውስጥም ያው ነኝ። ከጀሞ ተሳፍሬ ሀና ማርያም አካባቢ ወዳለው ሥራዬ ስሄድ «ወራጅ አለ» የሚለውን ነገር ከአፌ ማውጣት ያቅተኛል። በልቤ ግን ጮክ ብዬ እለዋለሁ። ሹፌሩ የልቤን ስለማይሰማ ሌላ ሰው እስኪወርድ እጠብቃለሁ። ቀን ሲቀናኝ እኔ የምወርድበት ቦታ ላይ አንድ ደግ ሰው ይወርዳል። ሳይቀናኝ ሁለት ፌርማታ አልፌ በእግሬ እመለሳለሁ። አንድ ጠዋት እንዲያውም ማንም ሳይወርድ ቀረና ታክሲው መጨረሻው ላይ ቆመ። ወያላው ዞሮ አየኝና «እህት፣ እዚሁ ልታድሪ ነው?» አለኝ። እኔም አፍሬ፣ «አይ፣ እዚህ ነበር የምወርደው» ብዬ ምንም ሥራ በሌለኝ ሠፈር ወረድኩ።

ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። አሁን የግንባታ ቦታ ላይ የቀን ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ብሎኬት ማቀበልና ብሎኬት ማራስ ነው። ማራስ ስላችሁ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የመጋቢት ፀሐይ ላይ የዋለ ብሎኬት እንደ ምጣድ ያቃጥላል፤ ውስጡ ደግሞ ደረቅ ነው። ሳይርስ ከተደረደረ በመሀል ካለው የተቦካ ሲሚንቶ ውሃውን ይመጥጠዋል። ሲሚንቶው ሳይይዝ ይደርቃል። ግድግዳው የቆመ ይመስላል እንጂ የቆመው በይሉኝታ ነው። ልክ እንደኔ።

የምንሠራው ለእትዬ አስካለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ቤቱ ከተጀመረ ጀምሮ ሦስት መስኮትና አንድ ሽንት ቤት ከቦታ ቦታ ያዘዋወሩ ሴት ናቸው። ግንበኛው ጋሽ ደሳለኝ ይባላሉ፤ ስልሳ ዓመት የሞላቸው፣ ነገር የማይወዱ፣ ብሎኬት ሲያስቀምጡ ሕፃን የሚያስተኙ የሚመስሉ ሰው። ሲሚንቶ የምታቦካው ደግሞ ጫልቱ ናት። ጫልቱ የዚሁ የላፍቶ ልጅ ናት፤ አባቷ ድሮ እዚሁ ጤፍ ያርሱ ነበር። እትዬ አስካለ ስለ ሳሎናቸው ስፋት ባወሩ ቁጥር ጫልቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ትልና «የአባቴ በሬ እዚህ ጋ ተኝቶ ያመሰኳ ነበር» ትለኛለች። እሷ ሰው ፊት ትበላለች፣ ትዘፍናለች፣ ትሳደባለች። ፈጣሪ ለሁለት የሚበቃ ድፍረት ሲያድል እኔ አፍሬ ወረፋውን ለሷ የለቀቅኩላት ይመስለኛል።

ሥራ የጀመርኩት ሁዳዴ በገባ ሳምንት ነበር። የመጀመሪያው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ጫልቱ ምሳ ዕቃዋን ከፈተችና «ነይ እንብላ» አለችኝ። ሦስት ሰው እያየኝ ነበር። «አይ፣ እኔ…» አልኩና ቃል ጠፋኝ። ልል የፈለግኩት «እኔ ብቻዬን ጥግ ይዤ እበላለሁ» ነው። ጋሽ ደሳለኝ ግን ዓረፍተ ነገሩን ጨረሱልኝ።

«እስከ ዘጠኝ ነው የምትጾሚው?»

ጭንቅላቴ በራሱ ጊዜ ተነቀነቀ። ወደ ላይና ወደ ታች።

«ውሃም አትቀምሺ?»

ደገመው። ይሄን ጭንቅላት እኔ አልወለድኩትም፤ ግን ተሸክሜዋለሁና ምን ላድርግ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ጠፋ። «ጿሚዋ፣ ብሎኬት አቀብዪ።» «ጿሚዋ፣ ውሃ ጨምሪ።» እትዬ አስካለ ለእንግዶቻቸው ሲያሳዩኝ ሰምቻለሁ፤ «ያቺን ቀጭኗን ታያላችሁ? እስከ ዘጠኝ ናት» እያሉ። እንግዶቹ በሐዘኔታ ያዩኛል። እኔ ደግሞ ረሃብ እንደጎዳው ሰው ጉንጬን ወደ ውስጥ እስባለሁ።

ይሄ ሁሉ ባልከፋ። ግን በሁለተኛው ሳምንት ጋሽ ደሳለኝ ጠሩኝና ከመሬት ላይ ማንኪያቸውን አነሡ። ማንኪያ ያልኩት የግንበኛውን ነው፤ ሲሚንቶ የሚዘረጉበትን ባለ ሦስት ማዕዘኑን ብረት።

«አንቺ ልጅ፣ አያያዝሽን አይቻለሁ። ብሎኬት ስታስቀምጪ ጠርዙን አትሰብሪም። ሆድሽንም ገዝተሻል። ግንብ ደግሞ የትዕግሥት ሥራ ነው። ከፋሲካ በኋላ ይሄን አስይዝሻለሁ።»

እስቲ አስቡት። እኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች ሁሉ ሴት ባልዲ ትይዛለች፣ አካፋ ትይዛለች፣ ቢበዛ የሲባጎውን ጫፍ ትይዛለች። ማንኪያ የያዘች ሴት አይቼ አላውቅም። ያን ቀን ማታ ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በማግስቱ አብሬያት የምኖረው አክስቴ በሌለችበት የልብስ ሳሙናዎቹን አውጥቼ፣ ለቂጣ ካስቀመጠችው ሊጥ ትንሽ ቆንጥሬ፣ ሊጡን በማንኪያ እየዘረጋሁ ሳሙና በሳሙና ላይ ደረደርኩ። ሦስት ረድፍ ያማረ ግንብ። ሊጡን ወደ ቦታው ስመልሰው ያላሰብኩት ነገር ነበር። አክስቴ ቂጣውን ቀምሳ ፊቷን አኮማተረችና «ይሄን ዱቄት የሸጠልኝን ሰውዬ ሳላገኘው አላድርም» አለች። ለሷም አልነገርኳትም።

እንግዲህ ችግሩ ገባችሁ። ማንኪያውን የሚሰጡኝ ስለምጾም ነው። እኔ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውሃ በዚያ ፀሐይ ላይ ብቆም ግንበኛ ሳልሆን እሞታለሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ማግስት ጀምሮ ያበጀሁትን ዘዴ አጥብቄ ያዝኩ። በየቀኑ አምስት ሰዓት ሲሆን ጀሪካን አነሣና «ውሃ ላምጣ» እላለሁ። ውሃ የምንቀዳው ከሁለት ቤት ማዶ ካለ ቧንቧ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ወደ ጎን ታጥፌ ከደረጃው ሥር ወዳለችው ጠባብ ክፍል እገባለሁ። ሦስት ጎኗ ግድግዳ ነው፣ ጣሪያዋ ራሱ ደረጃው ነው፣ ፊቷ ላይ ገና መዝጊያ ያልተገጠመለት ክፍት በር አላት። ወደ ውስጥ ደረጃው ዝቅ እያለ ይሄዳል። ጥግ ላይ ከባዶ የሲሚንቶ ከረጢቶች ኋላ ቁጭ ብዬ አንድ ቦንቦሊኖ እበላለሁ፤ ከላስቲክ ጠርሙስ ውሃ እጠጣለሁ፤ አፌን እጠርጋለሁ፤ እወጣለሁ። ከውጭ ከዚያ ብርሃን የመጣ ዓይን ውስጡን ስለማያይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንም አልደረሰብኝም።

ያን ዕለት ሙቀቱ ለብቻው ነበር። የግቢው ውሻ አሸዋው ላይ መቆም አቅቶት እግሮቹን በየተራ ያነሣል። እኔም እንደ ልማዴ አምስት ሰዓት ላይ ጥጌን ይዤ ቦንቦሊኖውን ለሁለት ገምሼ ግማሹን አፌ ውስጥ እንዳደረግኩ የእትዬ አስካለ ድምፅ በሩ ላይ ተሰማ።

«ጋሽ ደሳለኝ፣ ይሄ በር አላማረኝም።»

«ምን ሆነ እትዬ?»

«ገና ከግቢው በር የገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው መጥረጊያና የሽንኩርት ጆንያ ሊሆን ነው? ይዘጋልኝ። በሩ በጓዳ በኩል ይሁን።»

«በጓዳ በኩል እኮ ግድግዳ ሠርተናል። ይፈረስ?»

«ይፈረሳ።»

ጋሽ ደሳለኝ ተነፈሱ። ትንፋሻቸውን እኔ ድረስ ሰማሁት።

«እሺ፣ የጓዳው ነገ ይፈረሳል። ይሄንን ግን አሁኑኑ ልዝጋው። የተቦካ ሲሚንቶ አለን፤ በዚህ ፀሐይ ግማሽ ሰዓት አይቆይም። ጫልቱ፣ ወደዚህ አምጪው።»

በዚያች ሰዓት ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነገር ነው። ተነሥቶ መውጣት። አፌ ውስጥ ግን ቦንቦሊኖ ነበር። ቦንቦሊኖ ደግሞ ቶሎ አይዋጥም፤ ስኳሩም ከንፈር ዙሪያ ተለጥፎ ይመሰክራል። ልዋጥና ልጥረግ፣ ከዚያ ጀሪካኔን ይዤ ሹልክ እላለሁ አልኩ። እያኘክሁ ሳለ የመጀመሪያው ብሎኬት ጠረቅ ብሎ ተቀመጠ። ከጎኑ ሁለተኛው። በሩ ሰማንያ ሳንቲሜትር ነው፤ ለአንድ ረድፍ ሁለት ብሎኬት ይበቃዋል። አሥር ረድፍ ሲሞላ በር የነበረው ግድግዳ ሆነ ማለት ነው። ለጋሽ ደሳለኝ ይሄ ሥራ አይባልም።

«ጿሚዋ የታለች? መጥታ ብሎኬቱን ታርስልኝ እንጂ» አሉ።

«ውሃ ልታመጣ ሄዳለች» አለች ጫልቱ።

«እስካሁን?»

«እሷ እኮ ወረፋ ላይ ‹እናንተ ቅደሙ› እያለች እስኪመሽ የምትቆም ናት።»

«ተያት በቃ። ከጠዋት ጀምሮ እህል ውሃ ሳትቀምስ እንዴት ትሩጥ። ደረቁን አቀብዪኝ፤ ለአንድ በር ነው።»

ይሄን እያሉ ሁለተኛውን ረድፍ ጨረሱ። ይሄን ካሉ በኋላ እንዴት ልውጣ? ‹ከጠዋት ጀምሮ እህል ውሃ ሳትቀምስ› የተባለች ልጅ ስኳር በስኳር ሆና ከጨለማ ብቅ ስትል አስቡት። ትንሽ ወሬው ይቀዝቅዝ አልኩ። ወሬው ሲቀዘቅዝ ሦስተኛው ረድፍ ተነሣ። ሦስተኛው ላይ እግር አንሥቶ መሻገር ይቻላል፤ ግን ቀሚስ ለብሻለሁ። አራተኛው ላይ ‹ቅድም ለምን አልወጣሽም› የሚል ጥያቄ ይመጣል። አምስተኛው ላይ ብቆም ከወገቤ በላይ ብቻ ስለምታይ ሱቅ የከፈትኩ እመስላለሁ። አንዱ ረድፍ በተጨመረ ቁጥር ዝም ያልኩበት ጊዜም አብሮ ይጨመራል፤ ለመውጣት ከግድግዳው ይልቅ ኀፍረቱ ከበደኝ።

እንዲያውም ዓረፍተ ነገሩን አዘጋጅቼ ነበር። ‹ጋሽ ደሳለኝ፣ ይቅርታ፣ ውስጥ ነኝ።› ሦስቴ በልቤ አጠናሁት። በአራተኛው ድምፅ አውጥቼ አልኩት። ጫልቱ በዚያው ቅጽበት፣ ረድፍ ከረድፍ እንዲጠላለፍ የሚገባውን ግማሽ ብሎኬት ለማውጣት በመዶሻ ትመታ ነበርና እኔን የሰማኝ ከከረጢቱ ሥር የነበረ እንሽላሊት ብቻ ነው። እሱም ወጥቶ ሄደ። ለእሱ ግድግዳ ችግር አይደለም።

ከዚያ ጫልቱ መዶሻውን አስቀመጠችና እንዲህ ስትል ሰማሁ።

«ጋሽዬ፣ ከንፈርዎ ነጭ ሆኗል። ውሃ እንኳ ይጉመጥመጡ።»

«ተዪኝ አቦ፣ ፈተና አትሁኚብኝ።»

«ባለቤትዎ ባለፈው መጥተው ነግረውኛል። ሐኪሙ የግፊት ኪኒን የሚውጥ ሰው ሆዱን ባዶ አድርጎ ፀሐይ ላይ አይቁም ብሎዎታል አሉ።»

«ባለቤቴ ወሬ ታበዛለች።» ብሎኬት አስቀመጡ፤ በማንኪያው እጀታ መታ መታ አደረጉት። «እውነቱን ልንገርሽ? ዘንድሮ እስከ ስድስት ብቻ ልጾም ነበር ያሰብኩት። የንስሐ አባቴም እሺ ብለውኛል። ግን አንዲት ፍሬ ልጅ ባልዲ ተሸክማ እስከ ዘጠኝ ስትቆይ እኔ ከፊቷ ምሳ ዕቃ ልከፍት? በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

ደነገጥኩ ብል አይገልጸውም። የያዝኩት ግማሽ ቦንቦሊኖ ከእጄ ወደቀ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እኔ ጨለማ ውስጥ ስኳር ስልስ እኚህ ሽማግሌ በኔ ምክንያት ውጭ ይደርቁ ነበር። የዋሸሁት በሆዴ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በሰው ሆድ ነው። ተነሣሁ። ስነሣ ግን ደረጃው ዝቅ ያለበት ቦታ ላይ ነበርኩና ጭንቅላቴ ከኮንክሪቱ ጋር ተጋጨ። ዓይኔ ውስጥ ከዋክብት እየበሩ መልሼ ቁጭ አልኩ። ራሴን ይዤ ሳለሁ ሰባተኛውና ስምንተኛው ረድፍ አለፉኝ።

«ይቺ ልጅ ግን አሁን አሳሰበችኝ» አለች ጫልቱ። «ሄጄ ልያት፤ ወድቃ ይሆናል።»

«ሂጂ፣ ሂጂ። ጨርሻለሁ፤ የቀረውን ራሴ አነሣለሁ።»

የጫልቱ ጫማ እየራቀ ሄደ። እትዬ አስካለ ቀድመው ወደ ላይ ወጥተዋል። ዘጠነኛው ረድፍ ተቀመጠ። ከአሥረኛው አንዱ ብሎኬት ተቀመጠና ሁለተኛው በሚገባበት ቦታ የፀሐይ ብርሃን እንደ ፖስታ ቤት መስኮት ተስሎ ቀረ። ሁለተኛውን ጠበቅኩ። አልመጣም። በምትኩ ማንኪያው ድንጋይ ላይ ወድቆ ሲጮህ ሰማሁ። ከዚያ ከባድ ነገር አሸዋ ላይ ሲያርፍ። ከዚያ ምንም።

«ጋሽ ደሳለኝ» አልኩ። ድምፄ አፍንጫዬን አልፎ አልሄደም።

ጀሪካኑን ገልብጬ ቆምኩበትና በቀዳዳው አየሁ። ጋሽ ደሳለኝ ከግድግዳው ራቅ ብለው የአሸዋው ክምር ላይ በጀርባቸው ተዘርረዋል፤ ባርኔጣቸው ወድቋል፤ ፀሐዩ ግንባራቸው ላይ ቁጭ ብሏል። እጃቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ዓይናቸው ግን ተከድኗል።

ግድግዳውን ወደ ውጭ ገፍቼ ብጥለው ይመታቸዋል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ የላይኛውን ብሎኬት በሁለት እጄ ይዤ ወደ ራሴ ሳብኩት። ያለ ምንም ትግል መጣ። ሲሚንቶው ሳይይዘው ደርቆ እንደ በሶ ዱቄት ፊቴ ላይ ፈሰሰ። ደረቅ ብሎኬት፣ ማንም ያላራሰው። ማራሱ የኔ ሥራ ነበር። ሁለተኛውን ሳብኩ፣ ሦስተኛውን ሳብኩ፤ ጋሽ ደሳለኝ ሕፃን እንደሚያስተኙ ያስቀመጡትን እኔ እየቀሰቀስኩ አወረድኩ። አምስት ረድፍ ሲቀር ቀሚሴን ሰብስቤ ዘለልኩ። ጉልበቴ ተላጠ፤ ጠርሙሱ ግን በእጄ ነበር።

በመጀመሪያ ባርኔጣቸውን አንሥቼ ፀሐዩን ከለልኩላቸው። ትንሽ ውሃ ግንባራቸው ላይ አፈሰስኩ። ዓይናቸውን በግማሽ ገለጡ።

«ዘጠኝ ሰዓት ሆነ?» አሉ።

«አልሆነም። ግን ይጠጡ።»

«ካልሆነ ተዪኝ። አንቺ ችለሽ…»

«አልቻልኩም» አልኩ።

ይሄን ያልኩት እኔ መሆኔን ለማረጋገጥ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ማንም አልነበረም።

«አንድም ቀን ችዬ አላውቅም፣ ጋሽ ደሳለኝ። ሰው ፊት መብላት ስለማፍር ነው እንጂ ጾሜ አይደለም። በየቀኑ ቦንቦሊኖ እበላ ነበር። ውሃም እጠጣ ነበር። አሁንም እየበላሁ ነበር።»

ይሄን ስናገር ማንኪያው አሸዋው ላይ እግሬ ሥር ወድቆ ነበር። አየሁትና ዓይኔን ከሱ አነሣሁ። በቃ፣ ሄደ አልኩ በልቤ።

ጋሽ ደሳለኝ ዓይናቸውን ሙሉ በሙሉ ገለጡ። ፊቴን አዩ፤ በሲሚንቶ ነጭ ሆኗል። አፌን አዩ፤ ስኳሩ እዚያው ነበር። ከዚያ ጠርሙሱን ከእጄ ወሰዱና አንድ ጊዜ እንኳ ሳይተነፍሱ ግማሹን ጠጡት።

«ከየት መጣሽ?» አሉ አፋቸውን ጠርገው።

«ከውስጥ።»

«ከምን ውስጥ?»

በአገጬ አሳየኋቸው። ግማሹ የጎደለ ግድግዳቸውን ለብዙ ጊዜ አዩት። ቀሪውን ውሃ ጠጡ።

ጫልቱ የደረሰችው ያኔ ነው፤ ከቧንቧው ወረፋ ሁለት ሴቶችን አስከትላ። እኔን ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ። «እኔ ሠፈሩን አካልዬ መጣሁ፤ አንቺ ዱቄት ውስጥ ስትንከባለዪ ነበር?» አለች። እትዬ አስካለም በግርግሩ ወረዱ። መጀመሪያ ያዩት ጋሽ ደሳለኝን አይደለም።

«ግድግዳዬን ማን ነው የገመጠው?» አሉ።

ጫልቱ ጋሽ ደሳለኝን ደግፋ ጥላ ሥር አስቀመጠቻቸው። እትዬ አስካለም የሆነው ሲገባቸው ሮጠው በሶ በጥብጠው መጡ። ጋሽ ደሳለኝ ስድስት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ ከፊቴ ተቀምጠው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ በሶውን ጠጡ። ጫልቱ ጉዳዩን ከኔ በቁርጥራጭ ስትሰማ መጀመሪያ አፏን ያዘች፣ ቀጥሎ ሆዷን ያዘች፣ በመጨረሻ መቆም አቅቷት ብሎኬት ላይ ተቀመጠች። ብሎኬቱ አቃጠላትና ተነሣች።

እኔ ነጠላዬን አራገፍኩ፤ ቦርሳዬን አነሣሁ። የሚባረር ሰው እስኪነገረው መጠበቁ ራሱ ድፍረት ነው። የግቢው በር አጠገብ ስደርስ ጋሽ ደሳለኝ ጠሩኝ።

«ነይ እዚህ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስንተኛው ረድፍ ላይ ነው መውጣት ያቃተሽ?»

«ከአንደኛው ጀምሮ።»

«አንደኛው ረድፍ ሃያ ሳንቲሜትር ነው» አሉ። «ዶሮ ትዘለዋለች።»

የቦርሳዬን ማንጠልጠያ ጠመዘዝኩ።

«ጾሙ ያንቺና የፈጣሪ ነው፤ እኔም ከልጅ ጋር እሽቅድምድም መግባቴ የራሴ ጅልነት ነው። እሱን ተይው። ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ሰው አሥር ረድፍ ሲገነባበት እንዴት ዝም ይላል? ማንኪያ የሚይዝ ሰው እኮ ይጮኻል። ሲሚንቶ ሲያልቅበት ይጮኻል፤ ሲባጎው ሲዘምበት ይጮኻል። ዝም ካለ ፀሐይ ትቀድመዋለች፤ ግድግዳው የሰው ራስ ላይ ይወርዳል። እኔ እስከ ዛሬ ያየሁት እጅሽን ነው። ድምፅሽን ሰምቼው አላውቅም።»

ከዚያ ወደ አሸዋው ሄዱና ማንኪያውን አነሡ። በሱሪያቸው ጠረጉት። ዘረጉልኝ።

«የቀረውን ረድፍ ሁሉ አፍርሺው፤ ደረቅ ነው፣ አይረባም። ብሎኬቱን አርሺና እንደገና ሥሪው። እኔ ከጥላው አልነሣም። ሲሚንቶ የምታቀርብልሽ ጫልቱ ናት። እስክትጠሪያት ድረስ ግን አትምጣ። ጠርተሻት ከሰማችሽ ማንኪያው ካንቺ ጋ ይቆያል። ካልሰማችሽ ወደ ባልዲሽ።»

«ኧረ እሺ» አለች ጫልቱ፤ ደስታዋ አላማረኝም። አካፋዋን ይዛ ሲሚንቶው ወዳለበት ወደ ግቢው ማዶ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ግን ወደ ደረጃው ሥር ጎንበስ ብላ «ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች።

አፈረስኩ፤ አራስኩ። ብሎኬቱ ውሃውን ሲጠጣ ጢስ ጢስ ይላል። ሲባጎውን ወጠርኩ። ጫልቱ አጠገቤ ትታልኝ በሄደችው ጥቂት ሲሚንቶ የመጀመሪያውን ብሎኬት አስቀመጥኩ፤ በእጀታው መታ መታ አደረግኩት፤ ተስተካከለ። ሁለተኛውን ከጎኑ። እዚያ ላይ ሲሚንቶው አለቀ። ሁለተኛው ብሎኬት ሥር የዘረጋሁት በአንድ በኩል አልሞላም፤ ጠርዙ በፀሐዩ መንጣት ጀመረ።

«ጫልቱ» አልኩ።

ጫልቱ አካፋዋ ላይ ተደግፋ ሰማዩን ታያለች።

«ጫልቱ፣ ሲሚንቶ።»

«እትዬ አስካለ፣ ወፍ ተናገረች እንዴ?» አለች።

ጋሽ ደሳለኝ የበሶ ዕቃቸውን ወደ ጎን አደረጉና ወደ ማንኪያው አዩ፤ ልወስደው ነው እንደሚሉ ዓይነት። ሲሚንቶው ከነጭነት ወደ ስንጥቅ አለፈ። ብሎኬቱ በትንሹ ወደ ውጭ ዘመም ሲል ታየኝ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አስቤ አላደረግኩትም።

ጮኽኩ። ሆዴ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ተቀምጦ መኖሩን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ውሻው ከአሸዋው ላይ ተነሥቶ ሄደ። እትዬ አስካለ የያዙትን ብርጭቆ ለቀቁ። ጫልቱ አካፋዋን ጥላ ባልዲውን በሁለት እጇ አቅፋ መሮጥ ጀመረች። ከመንገዱ ማዶ በሚሠራው ፎቅ ላይ የነበሩት ሠራተኞች ሁሉ ሥራ አቁመው ወደኛ ዞሩ፤ አንድ የማላውቀው ጎልማሳም የራሱን ባልዲ አንሥቶ «መጣሁ፣ መጣሁ» አለኝ።

ጋሽ ደሳለኝ ከጥላው ተነሥተው ቀስ እያሉ መጡ። ጎንበስ ብለው ረድፌን በሲባጎው ለኩት፣ በመዳፋቸው ዳበሱት፣ ዘመም ያለችውን ብሎኬት በጣታቸው መለሷት።

«ሁለተኛውን ረድፍ ከግማሽ ብሎኬት ጀምሪ» አሉኝ።